ሰሞኑን ምን ሰማችሁ? የሙዚቃ አድማጮች ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ፊዚክስ ላብራቶሪ ውስጥ ይሰበሰባል። አንድ አባል ሰሞኑን ደጋግሞ ሲሰማው የቆየውን አልበም ይዞ ይመጣል። ለምን እንደወደደው ይነግረናል። ከዚያ ሁላችንም ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለን እንሰማለን። ዘፈን ማለፍ የለም። ስልክ መነካካትም የለም። አልበሙ ሲያልቅ ወሬው ይደራል።

ሲያወሩት ቀላል ነው። ልጆቹን ግን መጀመሪያ ላይ ከብዷቸው ነበር። የዛሬ ተማሪ ሙዚቃ የሚያገኘው ቆራርጦ ነው። ቲክቶክ ላይ ጥቂት ሰከንድ፣ ታክሲ ውስጥ ግማሽ ዘፈን፣ ሰርግ ቤት ደግሞ ዲጄው የቀላቀለው። መስከረም ላይ ከመጡት አባላት ብዙዎቹ አንድ አልበም ሙሉውን ሰምተው አያውቁም ነበር። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። እኛ በካሴት ዘመን ያደግነው በተራ የሰማነው ሌላ አማራጭ ስላልነበረን ነው። ክሩን ወደፊት ማጠንጠን የባትሪ ድንጋይ ይጨርሳል፤ በእስክሪብቶ ማዞር ደግሞ ያሰለቻል። ስለዚህ የማንወደውንም ዘፈን እንሰማ ነበር። ከርሞ ከርሞ እሱንም እንወደዋለን።

ትምህርት ቤታችን ያለው አዲስ አበባ ዳር ነው። የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ ብዙ አይርቅም። ልጆቻችን ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ይመጣሉ፣ ከገላን ይመጣሉ፣ ከአቃቂ ይመጣሉ። የአንዱ ቤተሰብ ከመሀል ከተማ የመጣ ነው። የሌላው ከወሎ ወይም ከጉራጌ። አያት ቅድመ አያቶቻቸው እዚሁ መሬት ላይ ሲያርሱ የኖሩም አሉ። ለሙዚቃ ክበብ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። በየቤቱ የሚሰማው ይለያያል። ልጆቹ ይዘውት የሚመጡት አልበምም ይለያያል።

የመጀመሪያው ችግር ድምፅ ነበር። በስልክ ስፒከር ስንሰማ ቤዝ ጊታሩ የለም። የማስተምረው ፊዚክስ ስለሆነ ይህን በደስታ አስረዳሁ። ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው ድምፅ ብዙ አየር መግፋት ይፈልጋል። የስልክ ስፒከር ደግሞ ከጥፍር አይበልጥም፤ ያን ያህል አየር የመግፋት አቅም የለውም። እናም ሙዚቀኛው ለፍቶ የተጫወተው ነገር ጆሯችን ሳይደርስ ይቀራል። የሚኒ ሚዲያ ክበብ ሞንታርቦውን ሊያውሰን ፈቀደ። ላደረጉልን ትብብር እዚህ ላይ አመሰግናለሁ። ሞንታርቦው በገባበት ቀን የዋልያስ ባንድን «ቼ በለው» ሰማን። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ ነው። አንድ የአስረኛ ክፍል ልጅ ከዘፈኖቹ አንዱን በስልኩ ስንት ጊዜ ሰምቶት ነበር። ቤዙ ሲመታ ግን ደረቱን ይዞ ዞሮ አየኝ። «ቲቸር፣ ይሄ ነገር ድሮም ነበረበት?» አለ።

ከዋልያስ ወደ ኪቦርድ ተጫዋቹ ወደ ኃይሉ መርጊያ ሄድን። የአመቱን ረጅሙን ወሬ ያወራነው ስለ እሳቸው ነው። ዋልያስ አዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረ ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ለሥራ አሜሪካ ሄዱ። ከአባላቱ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ። ኃይሉ መርጊያም ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ለብቻቸው አንድ ካሴት ቀረጹ። በልጅነታቸው የሚያውቁትን አኮርዲዮን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድና ከሲንተሳይዘር ጋር አዋሃዱት። ከዚያ ረጅም ዓመት ታክሲ ነዱ። ኪቦርዳቸውን ግን መኪናቸው ውስጥ ይይዙ ነበር። ተሳፋሪ እስኪመጣ አውጥተው ይለማመዳሉ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ አሜሪካዊ የሙዚቃ ሰብሳቢ ያንን ካሴት ባህር ዳር ላይ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ። ሙዚቀኛውም ወደ መድረክ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጡ።

ይህን ታሪክ ያቀረበችው የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። አባቷ የራይድ ሹፌር ናቸው። ስለ ታክሲው ስታወራ ድምፅዋ ተለወጠ። ከዚያ አኮርዲዮኑን ሰማን። በአልበሙ ውስጥ የሰው ድምፅ እምብዛም የለም። ግጥም የለመደ ጆሮ ቶሎ ይሰለቻል ብዬ ፈርቼ ነበር። ማንም አልተነሳም። አንዱ ልጅ «ዘፋኝ ከሌለ የምሰማው ሌላውን ነው» አለ። እውነቱን ነው። ድምፃዊው ሲጎድል ጆሮ ከበሮውን ይፈልጋል፣ ቤዙን ይፈልጋል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ክበቡ አንድ ደንብ አወጣ። ደንቡን ያወጡት ልጆቹ ናቸው። አልበም የሚያቀርብ ሰው አስቀድሞ ሦስት ነገር ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፦ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን። የተጫወተው ባንድ ከታወቀ አራተኛ ይሆናል። የዘንድሮ ሥራችን ዋናው ነገር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ዘፈን ሲወደድ ስሙ የሚጠራው ድምፃዊው ነው። ግጥሙን ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ የጻፈው ሰው አይታወቅም። ጊታሩን የመታው አይታወቅም። የካሴት ሽፋን እነዚህን ስሞች በትንሽ ፊደልም ቢሆን ያትም ነበር። በይነመረብ ላይ ተጭኖ የምናገኘው ዘፈን ግን ብዙ ጊዜ የድምፃዊውን ስም ብቻ ይዞ ይመጣል። ልጆቹ ስሞቹን ፍለጋ ወላጅ ጠየቁ፣ ሬዲዮ ሰሙ፣ ሽፋን አገላበጡ። አንድ ረቡዕ ደግሞ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ይዤ ገባሁ። አዋጁ ለሥራው አመንጪም፣ ለከዋኙም፣ ለድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጁም መብት ይሰጣል። ግጥም ሞካሪ የሆኑት አባሎቻችን ይህን ሲሰሙ ቀና ብለው ተቀመጡ።

በዚህ ደንብ የተነሳ የሮፍናን ኑሪ «ነጸብራቅ» የቀረበ ቀን ክርክር ተነሳ። አልበሙ በ2010 ዓ.ም. የወጣ ነው። የአገራችንን ምትና ዜማ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር ያጣመረ። አቅራቢው በሦስቱም መስመር ላይ አንድ ስም ጻፈ። ግማሹ ክፍል «እንዲህ ነው እንጂ!» አለ። ሌላው ወገን ደግሞ ብዙ ሰው የተባበረበት ሥራ ይጥማል አለ። ሰዓቱ ስላለቀ ሳይቋጭ ተበተንን። ተማሪዎቹ እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ ሲከራከሩ ሄዱ።

ጥር ላይ አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ ማህሙድ አህመድ ነበር። ጋሽ ማህሙድ በ83 ዓመታቸው ሚሌኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርት ያቀረቡት ያኔ ነው። መርካቶ ያደጉ፣ በልጅነታቸው ሊስትሮ የነበሩ፣ በኋላም ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር የዘፈኑ ሰው ናቸው። ከእኛ ክበብ ትኬት የገዛ የለም። ዋጋውም አይቀመስም፣ መንገዱም ሩቅ ነው። እኛ የራሳችንን ዝግጅት አደረግን። አንድ ልጅ የአባቱን ቴፕና የማህሙድን ካሴቶች ይዞ መጣ። ቴፑን ከሞንታርቦው ጋር አገናኝተን ገና አንዱን ገጽ ሳንጨርስ መብራት ጠፋ። ሞንታርቦው ዝም አለ። ቴፑ ግን በድንጋይም ይሠራል። ልጆቹ ወንበራቸውን ጎትተው ተጠጉና ቀሪውን በቴፑ ስፒከር ሰማን።

የዚያን ቀን ጨዋታ የተገኘው ከሽፋኑ ነው። ሽፋኑ ላይ «ሮሃ ባንድ» ይላል። ጊታር ሰላም ስዩም፣ ቤዝ ጆቫኒ ሪኮ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «ይሄን ባንድ የእናቴ ካሴት ላይ አይቼዋለሁ» አለች። የእናቷ ካሴት የሌላ ድምፃዊ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሌሎችም ከየቤታቸው ካሴት ይዘው መጡ። በተለያዩ ዘፋኞች ካሴት ላይ ያው ባንድ እየደጋገመ ወጣ። ሮሃ በዚያ ዘመን ብዙ ድምፃውያንን ያጀበ ባንድ ነው። መነሻው ደግሞ አይቤክስ ባንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የማህሙድን «ኤሬ መላ መላ» ያጀበው። ልጆቹ ካሴቶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው በባንድ ለዩዋቸው። ከዚያ ወዲህ ሙዚቃ ሲጀምር ገና ዘፋኙ ሳይገባ «ይሄ ጊታር እሱ ነው!» የሚል ጩኸት ይሰማል። ሁሌ ልክ አይደሉም። መሞከራቸው ግን ደስ ይለኛል።

የአሊ ቢራን ሥራዎች ያቀረበው የገላን ልጅ ነው። አሊ ቢራ ድሬዳዋ ተወልደው ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር የጀመሩ፣ ዑድም ጊታርም የሚጫወቱ ሰው ነበሩ። በኦሮምኛ ብቻ አልዘፈኑም፤ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በአረብኛና በአማርኛም ዘፍነዋል። ያረፉት በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ልጁ እያንዳንዱን ዘፈን አስቀድሞ ተረጎመልን። ኦሮምኛ የሚችሉት ሌሎች አባላት ትርጉሙን እያረሙ አገዙት። በክፍል ውስጥ ዝምተኛ የሚባል ተማሪ ነው። የዚያን ቀን ግን ከሁላችንም በላይ ያወራው እሱ ነበር።

ለአድዋ በዓል ዝግጅት ሲጀመር የእጅጋየሁ ሽባባው ተራ ደረሰ። ስለ አድዋ የዘፈነችውን የማያውቅ ተማሪ የለም። በየዓመቱ ሰልፍ ላይ ይለቀቃል። ዘፈኑ ያለበትን አልበም ግን የሰማ አልነበረም። አልበሙ በስሟ «ጂጂ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ፤ ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነው። ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮዋ ሳንደርስን የመሳሰሉ ታላላቅ የጃዝ ሰዎች ተጫውተውበታል። በሰልፍ ላይ ብቻውን ሲለቀቅ የምናውቀው ዘፈን በአልበሙ ውስጥ፣ በቦታው ሲመጣ ሌላ ሆነብን። ከፊቱ የሰማናቸው ስለ ፍቅርና ስለ አገር ቤት ናቸው። ሞቶ ስላቆየን ሰው ስትዘፍን ያ ሁሉ አብሮ ይሰማል። ሁለት ልጆች አለቀሱ። እኔም አልቻልኩም።

የካቲት አጋማሽ ላይ ዐቢይ ጾም ገባ። ሳምንት ሳይሞላ ረመዳንም ተከተለ። በጾም ዘፈን የማይሰሙ አባላት አሉን፤ ክርስቲያንም ሙስሊምም። ክበቡ እስከ በዓላቱ ይዘጋ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ያዳነን የአንዲት የአስረኛ ክፍል ተማሪ አልበም ነው። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ ይዛ መጣች። እማሆይ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተማሩ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ታሰሩ፣ በኋላ መንኩሰው ግሸን ማርያም ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ የታተመው የመጀመሪያ ሥራቸው ገቢ ለወላጅ አልባ ልጆች መርጃ ሆነ። በኢየሩሳሌም ብዙ ዘመን ኖረው በ99 ዓመታቸው መጋቢት 2015 ዓ.ም. አረፉ። ፒያኖው የተዘጋጀው ለኮንሰርት አዳራሽ ቢሆንም በእሳቸው ጣት ሲነካ የቅዳሴ ዜማ ይሸታል። ክፍሉ ፀጥ ብሎ ሰማ።

ቀጥሎ የእንጦጦው ተወላጅ የዓለሙ አጋ በገና መጣ። አስሩ አውታሮች ለምን እንደሚነዝሩ ጠየቁኝ። በአውታሩና በድልድዩ መካከል እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ አውታሩ ሲርገበገብ እሱን እየነካ ያንን ንዝረት ይፈጥራል። አንድ ሙስሊም አባል ደግሞ ቤተሰቡ የሚሰማውን መንዙማ አሰማን። ቃላቱን አስረዳን፣ አዝማቹን አብረን አልን። በጾሙ ወራት ማንም አልቀረም።

ከፋሲካ በኋላ ፈተና ቀረበ፣ ስብሰባውም ሳሳ። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ተሰናበቱን። በግንቦት የሙላቱ አስታጥቄን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ሰማን፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ የተቀረጸ ነው። ሙላቱ የሚጫወቱት ቫይብራፎን ምን እንደሆነ ላስረዳ ላብራቶሪያችን ያለውን ቱኒንግ ፎርክ፣ ሲመታ ድምፅ የሚሰጠውን ሹካ መሰል ብረት፣ አወጣሁ። የቫይብራፎኑ የብረት ዘንጎች ይመታሉ፤ ከስራቸው ባሉት ቱቦዎች አፍ ላይ ትንንሽ ክዳኖች በሞተር እየዞሩ ድምፁን ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል። ድምፁ የሚወዛወዘው በዚህ ነው። አምስት ድምፅ ያላቸው ቅኝቶቻችን ከጃዝ ጋር እንዴት እንደተስማሙ ገና አልጨረስንም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬን በክራር ለይተን መስማት ለመጪው ዓመት ያደረ ሥራ ነው። ክራር የሚደረድር አንድ አባል አግኝተናል።

ለወላጆች አንድ ጥያቄ አለን። ቤታችሁ የተቀመጠ የድሮ ካሴት ካለ አውሱን፤ ቀድተን በጥንቃቄ እንመልሳለን። ክሩ የተበጠሰም ቢሆን አምጡት፣ መቀጠል የሚችሉ ልጆች አሉን። ሽፋኑን ግን አደራ፣ እንዳትጥሉት። መስከረም ሲጠባ ምዝገባው እዚያው ፊዚክስ ላብራቶሪ ነው። መመዝገቢያው አንድ አልበም ነው፤ ሙሉውን ሰምቶ መምጣት ብቻ።