ቅሬታ፦ የዲስፓቸር (በረራን ከመሬት ሆኖ አቅዶ የሚፈርም ባለሙያ) ኢንተርቪው ማዘጋጃ ብላችሁ ስለሸጣችሁልኝ ኮርስ

ለኮርሱ አዘጋጆች
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጉዳዩ፦ የከፈልኩት 480 ዶላር እንዲመለስልኝና በማስተማሪያ ጽሑፋችሁ ውስጥ ያሉት ስህተቶች እንዲታረሙ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

በማርች መጀመሪያ 480 ዶላር ከፍዬ ኮርሳችሁን የወሰድኩ ተማሪ ነኝ። በአማርኛ የምጽፈው ማስታወቂያችሁም ትምህርታችሁም በአማርኛ ስለሆነ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ኢሜይል ልኬላችኋለሁ። ለመጀመሪያው ከ11 ቀን በኋላ የሁለት መስመር መልስ ሰጣችሁኝ። ሁለተኛውን ጆሮ ዳባ ልበስ አላችሁት። ስለዚህ አሁን ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ኢንተርቪው ስለወደቅሁ ተናድጄ የጻፍኩ እንዳይመስላችሁ። ሰው ይወድቃል። የማላውቀውን ተጠይቄ ቢሆን ኖሮ ድምፄን አጥፍቼ ወደ ሥራዬ እመለስ ነበር። እኔን የጣለኝ ግን ከእናንተ ተምሬ በልበ ሙሉነት የመለስኩት መልስ ነው።

ማን እንደሆንኩ ባጭሩ ልንገራችሁ። ደለስ ኤርፖርት ዊልቸር እገፋለሁ። አራት ዓመት ሆነኝ። ከዚያች ደመወዝ ቆጥቤ ዲስፓቸር ትምህርት ቤት ገባሁ። ሕጉ ቢያንስ 200 ሰዓት ትምህርት ይጠይቃል፤ ሌሊት እየሠራሁ ቀን ቀን ተምሬ ጨረስኩ። 175 ዶላር ከፍዬ የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን (ኤፍኤኤ) ለዲስፓቸር የሚሰጠውን የእውቀት ፈተና፣ ኤዲኤክስን፣ ተፈተንኩ። 80 ጥያቄ፣ 3 ሰዓት፣ ማለፊያው 70 ነው። 91 አመጣሁ። ቀጥሎ ያለውን የተግባር ፈተናም አለፍኩና ሰርተፊኬቴን ያዝኩ። የቀረኝ መቀጠር ብቻ ነበር።

የእናንተን ማስታወቂያ ያየሁት ያኔ ነው። "የአየር መንገድ ኢንተርቪውና የእውቀት ፈተና ዝግጅት፣ ሥራ ላይ ባሉ ዲስፓቸሮች፣ በአማርኛ፣ ካላለፉ ሙሉ ገንዘብ ተመላሽ" ይላል። ስክሪንሾቱ አለኝ።

አመስግኜ ልጀምር፤ ሁሉንም ማጥላላት ደግ አይደለም። የአየር ጠባይ ክፍላችሁ ጥሩ ነው። ጥርት ያለ ሌሊት፣ ነፋስ የሌለበት፣ እርጥብ መሬት፣ ከዚያ ማለዳ ጭጋግ። በእንግሊዝኛ ስድስት ጊዜ አንብቤ ያልገባኝ በአማርኛ አንዴ ሲነገረኝ ገባኝ። በአማርኛ ማስረዳት የሚናቅ ነገር አይደለም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። በቋንቋችን የተነገረንን ነገር ቶሎ እናምናለን። እኔም አመንኳችሁ።

ከ212 ገጹ ውስጥ 130ው የኤዲኤክስ ጥያቄ ነው። ያለፍኩትን ፈተና እንደገና ሸጣችሁልኝ ማለት ነው። እሱን ልተወው፤ መከለስ አይጎዳም። ግን የኤዲኤክስ ጥያቄ ከሥሩ ሦስት ምርጫ አለው። የአየር መንገዱ ፈተና ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። የታተመ ታፍ (የኤርፖርት የአየር ትንበያ) ያለበት ወረቀት፣ ባዶ መስመር፣ ቀጥሎ ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጦ "ለምን?" የሚል ሰው ነው ያለው። "ለምን?" የምትለውን ጥያቄ በ212 ገጽ ውስጥ አንድም ቦታ አላገኘኋትም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ኦልተርኔት መድረሻው ላይ ማረፍ ባይቻል የሚኬድበት ተለዋጭ ኤርፖርት ነው፤ ታፍ ላይ ደግሞ ቴምፖ በመሃል ለአጭር ጊዜ የሚመጣ ለውጥ፣ ፕሮብ ሊከሰት ይችላል የሚባል ነው። ገጽ 14 ላይ ስለ ኦልተርኔት ስታስተምሩ እንዲህ ብላችኋል፦ "ቴምፖና ፕሮብ ጊዜያዊ ስለሆኑ አይቆጠሩም፤ የታፉን ዋና መስመር ብቻ እዩ።" ከሥሩም በቀይ "ኢንተርቪው ላይ የግድ ይመጣል" የሚል አለ። እውነትም መጣ።

ጁን 9 ቀን ነው። ሪጅናል አየር መንገድ፣ አነስ ያለች ክፍል፣ ሁለት ሰዎች። አንደኛው ጸጉራቸው የሸበተ ሰውዬ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ዴስክ ላይ እንደጨረሱ ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። ታፍ ሰጡኝ። አውሮፕላኑ የሚደርሰው በ2200 ዙሉ (በዓለም አቀፉ የአቪዬሽን ሰዓት 22:00) ነው። ዋናው መስመር ላይ እይታው ከ6 ማይል በላይ፣ የደመናው ጣሪያ 3,500 ጫማ። ከሥሩ ቴምፖ ከ20 እስከ 23 ሰዓት፦ ነጎድጓድና ዝናብ፣ እይታ 2 ማይል፣ ጣሪያ 1,500 ጫማ። ጥያቄው አጭር ነው። ኦልተርኔት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?

ደንቡን አውቀዋለሁ። ከመድረሻው ሰዓት 1 ሰዓት በፊትና 1 ሰዓት በኋላ ባለው ጊዜ ጣሪያው ቢያንስ 2,000 ጫማ፣ እይታው ቢያንስ 3 ማይል ካልሆነ ኦልተርኔት የግድ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን ነው የሸመደድነው። ቴምፖው ደግሞ ከ21 እስከ 23 ያለችውን መስኮት ሙሉ በሙሉ ይሸፍናታል። ትምህርት ቤት ቢሆን ዓይኔን ሳላሽ "ያስፈልጋል" እል ነበር። ግን ገጽ 14 ትዝ አለኝ። የእናንተ አስተማሪ ደግሞ ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው ተብያለሁ። ትምህርት ቤት የሚነገረው ሌላ፣ ሥራው ላይ ያለው ሌላ ይሆናል ብዬ "አያስፈልግም" ብዬ ጻፍኩ።

ሰውዬው ወረቀቱን አዩት። ከዚያ ቀና ብለው "በዚህ ላይ ትፈርሚያለሽ?" አሉኝ።

"አዎ" አልኩ። ቴምፖ እንደማይቆጠርም አስረዳኋቸው። ፈገግ እያልኩ!

ምንም አላሉም። እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጡት። ያቺ እስክሪብቶ አሁንም ዓይኔ ላይ ናት።

ወጥቼ ጌት ላይ ተቀምጬ በስልኬ የኦልተርኔቱን ደንብ፣ አንቀጽ 121.619ን፣ ከፈትኩ። ቴምፖን እለፉት የሚል ቃል የለበትም። እናንተ የሰማችሁት ምናልባት ኤግዘምፕሽን 3585 የሚባለውን ከደንቡ ውጭ የሚሰጥ ፈቃድ ይሆናል። እሱ ደግሞ ፈቃዱ ላላቸው አየር መንገዶች ብቻ ነው። የመድረሻው ዋና መስመር ደህና ሆኖ ቴምፖው ወይም ፕሮቡ ከማረፊያው ዝቅተኛ መጠን በታች ሲወርድ ነው የሚሠራው። እይታው ከግማሽ በታች መውረድ የለበትም፣ በዚያ ላይ ሁለተኛ ኦልተርኔት ይጨመራል። ኦልተርኔት የሚጨምረውን ደንብ ኦልተርኔት የሚቀንስ አድርጋችሁ አስተማራችሁን።

ሁለተኛው ስህተት ገጽ 31 ነው። "የመጠባበቂያ ነዳጅ 30 ደቂቃ" ይላል፤ ለየትኛው በረራ እንደሆነ አይናገርም። የአገር ውስጥ በረራ ሕግ 121.639 ግልጽ ነው። እስከ መድረሻው፣ ከዚያ በጣም ሩቅ ወደሆነው ኦልተርኔት፣ ከዚያ በመደበኛ የጉዞ (ክሩዝ) ፍጆታ 45 ደቂቃ። 30 ደቂቃዋ የመጣችው ከአገር ውጭ ከሚደረገው የጄት በረራ ሕግ ነው። እዚያም ብቻዋን አልመጣችም፤ 10 ከመቶ የበረራ ጊዜ ተጨማሪ ነዳጅ አብሯት አለ። እናንተ 10 ከመቶውን ጥላችሁ 30ዋን ብቻ ይዛችሁ አገር ውስጥ አስገባችኋት። በሰዓት 3,000 ፓውንድ የሚያቃጥል ጄት ቢሆን የ15 ደቂቃው ልዩነት 750 ፓውንድ ነው። ነጎድጓድ አገኘውና ሆልድ አደረገ (አየር ላይ እየዞረ ጠበቀ) እንበል። ካፒቴኑ ያንን 750 ፓውንድ ከየት ያምጣው?

አዎ፣ ይህንንም ተጠየቅሁ። አዎ፣ 30 አልኩ።

የሰዓት ሰንጠረዣችሁን በአንድ መስመር ልለፈው። ለእኛ አካባቢ ዓመቱን ሙሉ ከዙሉ 5 ቀንሱ ይላል። የአሜሪካ በጋ (ሰመር) ላይ ግን 4 ነው። በሀበሻ ሰዓት አድገን በፈረንጅ ሰዓት የምንሠራ ሰዎች በሁለት ሰዓት መኖር አያቅተንም፤ ይህቺን እንኳ ራሴ አርሜያት ነበር።

የልምምድ ኢንተርቪውስ? 60 ደቂቃ ነው የከፈልኩት። የተሰጠኝ 22 ደቂቃ ነው፤ ዙም መዝግቦታል። ወንድማችን ካሜራውን አላበራም። የማወራው ሳይሰማው ከኋላው ልጆች ሲጫወቱ ይሰማኛል። የጠየቀኝ አራት ጥያቄ ሲሆን ሁሉም ከወረቀት እየተነበበ ነበር። መሃል ላይ "በኤም ኢ ኤል (ሳይጠገኑም መብረር በሚቻልባቸው ዕቃዎች ዝርዝር) መሠረት የአንድ ዕቃ ጥገና ለሌላ ጊዜ ቢተላለፍ ሪሊዙ (የበረራ መልቀቂያ ሰነዱ) ላይ እንዴት ነው የምጽፈው?" ብዬ ጠየቅሁት። "እሱን እዚያው ያሳዩሻል" አለኝ። ሲጨርስ "ጎበዝ! ዘጠኝ ከአስር!" አለኝ። ለየትኛው መልስ ዘጠኝ እንዳገኘሁ እስካሁን አልገባኝም። ጎበዝ መባሉን እናቴም በነጻ ትለኛለች። እኔ የፈለግኩት "እዚህ ጋ ተሳስተሻል" የሚለኝ ሰው ነበር።

ሌላም አለ። "ከሥራ ባልደረባሽ ጋር ተጋጭተሽ እንዴት ፈታሽው?" ለሚለው ጥያቄ የተጻፈ ታሪክ ሰጥታችሁናል። ስለጠፋ ሻንጣና ስለተቆጣ ሱፐርቫይዘር። "በቃላችሁ ያዙት" ብላችሁናል። ያን ቀን ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ አንዲት ሀበሻ ልጅ አገኘሁ። ሰላም ተባባልን፣ ከየት ነሽ፣ የት ተማርሽ። እሷም የእናንተ ተማሪ ናት! ታሪኳን ስትለማመድ ሰማኋት። ሻንጣው ያው፣ ሱፐርቫይዘሩ ያው፣ ማልቀሱ ያው። ሁለታችንም ሳቅን፤ ግን ሆዴ ባባ። ቀድማኝ የምትገባው እሷ ናት።

ስለዚህ ተራዬ ሲደርስ የእናንተን ትቼ የራሴን ተናገርኩ። ከአዲስ አበባ በሚመጣው በረራ የወረዱ አንዲት እማማ ነበሩ፤ ቀጣይ በረራቸው ሊዘጋ ነው። ቦርዱ ላይ ያለው ጌትና ባልደረባዬ የነገረኝ ጌት አይገጥምም። እሱ "ዝም ብለሽ ግፊ" ይላል። እኔ ቆሜ በሬዲዮ ጠየቅሁ። ቦርዱም ተሳስቷል፣ እሱም ተሳስቷል፤ ጌቱ ሌላ ነበር። እማማ ደረሱ። ሰውዬው ያን ቀን ማስታወሻ የጻፉት ያኔ ብቻ ነው። ሁለት የማይገጥም ነገር ስታይ ቆሞ መጠየቅ ራሱ የዲስፓቸር ሥራ ነው አሉኝ። ከዚህ በኋላ ገጽ 14ን ሳስብ ምን እንደተሰማኝ ገምቱት።

የእኔንም ጥፋት አልደብቅም። ሕጉ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ተዘርግቷል። ገጽ 14 ትምህርት ቤት ከተማርኩት ጋር እንዳልገጠመ እያየሁ ሳላጣራ ገባሁ። ዊልቸር እየገፋሁ ያደረግኩትን እስክሪብቶ ይዤ አላደረግኩትም። ይህ የእኔ ነው። ስህተቱን ጽፎ በቀይ አስምሮ መሸጥ ግን የእናንተ ነው።

ለኢሜይሌ የሰጣችሁኝ መልስ "ፋይሉ ከወረደ በኋላ ገንዘብ አይመለስም" ይላል። ስልክ ስደውል ደግሞ "ሦስት ኢንተርቪው ወድቀሽ ማስረጃ ካመጣሽ እናያለን" ተባልኩ። ይህ ሦስት የሚባል ነገር ማስታወቂያው ላይም ደረሰኙ ላይም የለም። የወደቅሁበት አየር መንገድ ከ6 ወር በፊት እንዳላመለክት ነግሮኛል። ሦስት ጊዜ እስክወድቅ ስንት ዓመት ልጠብቅ ነው? ያነጋገረችኝ እህት በመጨረሻ "እህቴ፣ አትጨነቂ፣ እድል ነው" ብላ ዘጋችው። እድል አይደለም፤ ገጽ 14 ነው።

የምጠይቃችሁ እነሆ። 480 ዶላሬን ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ14 ቀን ውስጥ መልሱልኝ። ገጽ 14ንና ገጽ 31ን፣ የሰዓት ሰንጠረዡንም አርሙ። እርማቱን ኮርሱን ለገዛ ሰው ሁሉ ላኩ። "ሥራ ላይ ባሉ ዲስፓቸሮች" የሚለውንም ወይ እውነት አድርጉት፣ ወይ ከማስታወቂያው አውጡት። ዲስፓቸርና ካፒቴን ለበረራው እኩል ተጠያቂ ናቸው፤ በዚያ ስም መነገድ ቀልድ አይደለም።

ካልሆነ ክፍያውን በባንክ ካርዴ በኩል እከራከራለሁ። እሱ ካልሠራ እዚሁ ቨርጂኒያ ስሞል ክሌምስ እስከ 5,000 ዶላር ድረስ ያያል፤ ጠበቃም አያስፈልገኝም። ደረሰኙን፣ ስክሪንሾቱን፣ የሁለቱን ገጾች ፎቶና የዙሙን ቅጂ አያይዣለሁ። ወደዚያ መሄድ አልፈልግም። ከአገሬ ልጅ ጋር ፍርድ ቤት መቆም ደስ አይለኝም።

ከእርማቱ ግን ጀምሩ፤ ገንዘቡ በሁለተኛ ደረጃ ይምጣ። ያቺ ማረፊያ ክፍል ያገኘኋት ልጅ ጁላይ 20 ሌላ ኢንተርቪው አላት። ለእሷ ራሴ ነግሬያታለሁ። የቀሩትን ተማሪዎች ግን እኔ አላውቃቸውም። ኢሜይላቸው ያለው እናንተ ጋ ነው።

ከሰላምታ ጋር
የማርች ዙር ተማሪያችሁ