ሳል ሁሉ "ብርድ" አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ ሰላም ለናንተ ይሁን

ስለ ሳል ሰፋ ያለ ነገር እንድታወጡልን ነው የምጽፈው፣ መስከረም ጥቅምት ላይ አበባው ሲፈነዳ ሰፈሩ ሁሉ ያስላል ሁሉም "ብርድ መቶኝ ነው" ብሎ ፋርማሲ ይሄድና አሞክሳሲሊን ይገዛል። የአለርጂ ሳል እኮ በአንቲባዮቲክ አይድንም! አለርጂ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳት የለውም፣ አፍንጫ እንደ ውሃ ይወርዳል፣ አይን ያሳክካል፣ ያስነጥሳል፣ ቤት ሲጠረግ ወይ እጣን ሲጨስ ይብስና ከአቧራው ከጭሱ ራቅ ሲሉ ቀለል ይላል። ሳንባው ውስጥ ኢንፌክሽን ካለ ግን ትኩሳቱ፣ ብርድ ብርድ ማለቱ፣ ሲተነፍሱ ደረት መውጋቱ፣ ድካሙ አብሮ ይመጣል (የአክታ ቀለም ብቻውን አይለይም፣ እሱን አትመኑ)።

እኔን በጣም የሚያስጨንቀኝ የልጆቹ ነው። እናቶች እባካችሁ ልጁ ሳያለቅስ ረጋ ባለበት ሰዓት ልብሱን ገልጣችሁ ሙሉ 1 ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ልጅ 50 እና ከዛ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 እና ከዛ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ስርጉድ የሚል ከሆነማ ጭራሽ ደቂቃም አትቆዩ።

2 ሳምንት ያለፈውን ሳል ደግሞ አለርጂ ነው ብሎ መተው አይገባም፣ በተለይ ማታ ማታ የሚያልበውና ክብደቱ የቀነሰ ሰው የቲቢ ምርመራ ያድርግ፣ በመንግስት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው። እስቲ አንድ የሳንባ ሐኪም አቅርባችሁ ጠይቁልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ