ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት፦ የፀሐይ ማዕበል ሲመጣ በአማርኛ ንገሩን

ለተከበራችሁ የኢንስቲትዩቱ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣ ሰላም ለናንተ ይሁን።

ሰርቬየር ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ከጂፒኤስ ጋር ነው የምውለው። ሰሞኑን ቲክቶኩ ሁሉ «የምድር ማግኔት አለቀለት፣ ፀሐይ ልታቃጥለን ነው» ሆኗል፣ እናቴ ሳትቀር ደውላ እውነት ነው ወይ አለችኝ፣ ሰው በጣም ፈርቷል።

የማግኔቱ መድከም እውነት ነው፣ ባለፉት 200 ዓመታት 9 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ግን ከ41 ሺህ ዓመት በፊት አካባቢ ከዛሬው አንድ አስረኛ ገደማ ድረስ ወርዶም የሰው ልጅ አልጠፋም። የሚጎዳው ከፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚጋርደን ኦዞን ነው፤ ማግኔቱ ሲሳሳ ወደ ዋልታዎቹ ይገፉ የነበሩት የፀሐይ ፕሮቶኖች (ጥቃቅን ቅንጣቶች) ሰፋ ወዳለ ቦታ ይገባሉ፣ ላይኛው አየር ላይ ናይትሮጅኑን እየሰበሩ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይፈጥራሉ፣ እሱ ደግሞ ኦዞኑን ይበላዋል፣ ከዛ አልትራቫዮሌቱ ይጨምራል። ይሄን እናንተ በሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ብታስረዱት እናቴም ይገባታል።

ለኛ ግን የዛሬው ችግር ሌላ ነው። የማግኔቱ ወገብ (የምድር ማግኔት መሃል መስመር) የሚያልፈው በሀገራችን ላይ ስለሆነ አዮኖስፌራችን (የጂፒኤስ ምልክት የሚያልፍበት፣ በኤሌክትሪክ የተሞላው ላይኛው አየር) ያለ ፀሐይ ማዕበልም ይረበሻል፣ በተለይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ። ሥራ አምሽተን ስንጨርስ ሮቨሩ (ይዘነው እየዞርን የምንለካበት ጂፒኤስ) ፊክስ፣ ማለትም ትክክለኛውን ልኬት፣ ይዞ ቆይቶ ድንገት ፍሎት ይላል፣ ልኬቱ ይላላል፣ ልጆቹ ባትሪው ነው ይላሉ፣ ቤዙን (አንድ ቦታ የሚቆመውን ጂፒኤስ) ነቅለን እንደገና እንተክላለን፣ ያው ነው። በዛ ላይ ትልቅ ማዕበል ሲጨመርበት አስቡት! በፈረንጆቹ ግንቦት 2024 አሜሪካ ውስጥ በዘር ወቅት በጂፒኤስ የሚሄዱ ትራክተሮች ቆመዋል። በ2022 ደግሞ ያን ያህል ከባድ ያልነበረ ማዕበል የላይኛውን አየር አሙቆ ስላሳበጠው ገና ከመምጠቃቸው ወደ 40 የሚጠጉ የስታርሊንክ ሳተላይቶች ወድቀዋል።

አራት ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኦብዘርቫቶሪ በፈረንጆቹ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ማግኔቱን ሲለካ የኖረ ነው፣ ባህር ዳርም በዘርፉ የተማሩ ልጆች አሉ፣ እውቀቱ እዚሁ ነው ያለው። ስለዚህ የምለምናችሁ ማዕበል ሲጠበቅ ቴሌግራም ላይ አጭር የአማርኛ መልእክት እንድትለቁልን ነው፦ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ምን ያህል ከባድ፣ ጂፒኤስና ሬዲዮ ላይ ምን ያደርጋል። ወሰን የምንተክል ሰዎች የዛን ቀን ልኬቱን ለነገ እናሳድረዋለን፣ በግማሽ ሜትር ስህተት ጎረቤትና ጎረቤት ፍርድ ቤት አይቆምም።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ሰርቬየር