እማዬ፣ የዳሌሽን ራጅ ለካሁት

እማዬዋ፣

እንዴት ነሽ? ዳሌሽስ ተሻለሽ? ባለፈው «ሴትና ወንድ ለመለየት አጥንት መለካት ምን ያደርጋል?» እንዳልሽኝ ስልኩ ተቋረጠ። ነገሩ በስልክ አያልቅምና ጻፍኩልሽ። ታናሼ ታንብብልሽ።

ሁለቱ የዳሌ አጥንቶች ከፊት ለፊት፣ ከሆድ በታች ይገጥማሉ። ራጁን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ከመጋጠሚያቸው ሥር ግራና ቀኝ መስመር አሰምርና መሃሉ ስንት ዲግሪ እንደተከፈተ እለካለሁ። እስቲ ሌባ ጣትሽንና የመሃል ጣትሽን ክፈቻቸው፤ የወንድ እንደዚያ ነው። አሁን ደግሞ አውራ ጣትሽንና ሌባ ጣትሽን፤ የሴት እንደዚያ ሰፋ ይላል፣ ልጅ የሚያልፍበት ነዋ!

ስም የሌለው አፅም ሲገኝ መጀመሪያ ከሚጠየቀው አንዱ ሴት ነው ወንድ የሚለው ነው። አጎቴን አስቢው። ደርግ ከወደቀ በኋላ የአርጀንቲና የአፅም ባለሙያዎች እዚህ ድረስ መጥተው ከጅምላ መቃብር የወጡ ሰዎችን ማንነት ለማወቅ ሠርተዋል። አንቺ ግን እስከ ዛሬ ወንድምሽን ትጠብቂያለሽ። ራጅ ስለካ እሱ ከሐሳቤ አይጠፋም።

የሚያሳስበኝ ቁጥሩ ነው። አንዱ አገር የተለካው ማዕዘን ከሌላው አገር ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ስለዚህ የሌላ ሕዝብ መለኪያ ተውሰን የኛን ሰው ብንለይበት ወንዱን ሴት ልንለው እንችላለን፣ ወንድሟን የምትፈልግ እህትም አፅሙ እዚያው ተቀምጦ የለም ተብላ ትመለሳለች። ለዚህ ነው የኛን ሰው ራጅ አንድ በአንድ የምለካው። ራጅ ሲነሳ ሰውየው ትንሽ ካዘነበለ ማዕዘኑ ይዛባል፣ እሱን እተወዋለሁ። የሕፃናትንም አልለካም፤ ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ከጉርምስና በኋላ ነው።

ስትወድቂ የተነሳሽውን ራጅም ለካሁት፣ አትቆጪኝ። 98 ዲግሪ። ለጥናቱ አላስገባሁትም፣ ለራሴ ነው። ድሮ በሴት ዳሌ አጥንት ላይ ያሉ ትንንሽ ጉድጓዶች መውለዷን ይናገራሉ ይባል ነበር። በኋላ ሲጣራ ያልወለዱም ላይ ተገኙ፣ የወለዱም ላይ ጠፉ። እኔ ግን ይህን እያወቅኩ ምስሉን አጉልቼ አምስታችንን ስፈልግ አመሸሁ። ምንም የለም፣ እማዬ። ንጹሕ ነጭ አጥንት ብቻ።

ከዘራሽን አትተዪው፣ ደረጃው ላይ በተለይ። እሑድ ከቤተክርስቲያን ስትመለሺ እደውላለሁ።

ልጅሽ