ደላላውን ጠይቃችሁ ስለ ተከራይ ጻፋችሁ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ኔዘርላንድ የቤት ኪራይ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። ሌላውም አንብቦታል፤ በቴሌግራም ግሩፓችን ሲዞር ነው የሰነበተው። ስለዚህ ይዘቱን አልደግመውም። የቤት እጥረት አለ ያላችሁት ልክ ነው። ወለል ሳይነጠፍለት፣ አምፖል እንኳ ሳይኖረው ስለሚከራየው ባዶ ቤት መገረማችሁም አይፈረድባችሁም። እኛም ስንመጣ ገርሞን ነበር። አሁን ላሚኔት ማንጠፍ ለምደናል።

ያንገበገበኝ አንድ አረፍተ ነገር ነው። አከራይ የፈለገውን ዋጋ ይጠራል፣ ዋጋውን የሚወስነው ገበያ ነው፣ ተከራይ ወይ ይከፍላል ወይ ይሄዳል ያላችሁት። ይህን ማን ነገራችሁ? ደላላ። ስለ ተከራይ ለመጻፍ ደላላ ጠየቃችሁ። ጎበዝ! ስለ በግ ጤና ቀበሮን እንደመጠየቅ ነው።

ከዘገባው በላይ የለጠፋችሁት ፎቶ ደግሞ የእኔው ከተማ የአመርስፎርት መሃል ነው። 98 ሜትሩ ግንብ፣ እኛ ላንገ ያን የምንለው፣ ጎላ ብሎ ይታያል። ከግንቡ ሥር ባሉት ጠባብ መንገዶች፣ ከሱቅና ከካፌ በላይ ባሉት ፎቆች ግን ስንት ሀበሻ ተከራይ እንዳለ አልታያችሁም። ከመካከላቸው አንዱን አንኳኩታችሁ ብትጠይቁ ኖሮ ይህ ደብዳቤ አያስፈልግም ነበር።

እስቲ ቀስ ብለን እንየው። በኔዘርላንድ የኪራይ ቤት በነጥብ ይመዘናል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ወዲህ በተፈረመ ውል፣ ቤቱ እስከ 143 ነጥብ ካለው ኪራዩ በማኅበራዊ ቤቶች፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በሚከራዩት ቤቶች፣ ዋጋ ልክ ነው። ባለቤቱ የቤቶች ማኅበር ይሁን ግለሰብ ለውጥ የለውም። በ2025 የዚህ ጣሪያ 900.07 ዩሮ ነበር። ከ144 እስከ 186 ነጥብ ያለው መካከለኛ ይባላል፣ ጣሪያውም 1,184.82 ዩሮ ነበር። ደላላችሁ ያለው ነገር የሚሠራው ቤቱ ከ186 ነጥብ ሲያልፍ ብቻ ነው። እዚያ ላይ አዎ፣ ዋጋው ነጻ ነው። አልክድም።

ግን መሃል ከተማ ጣሪያ ሥር ያለች ሁለት ክፍል 187 ነጥብ ከየት ታመጣለች?

አቆጣጠሩን ልንገራችሁ፤ ዘገባችሁ ውስጥ ቦታ ስላላገኘ። አንድ ካሬ ሜትር ክፍል አንድ ነጥብ ነው። ጣሪያው አዘቅዝቆ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል በታች የሆነው ወለል አይቆጠርም። እኛ ቤት መኝታ ክፍሉ እንዲህ ነው። አልጋው ግርጌ ያለው ቦታ ሁሉ፣ ጠዋት ስነሳ ግንባሬን የምመታበት፣ በሕግ ፊት የለም። በውሉ ላይ ግን አለ፣ ኪራይም ይከፈልበታል። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ከአንድ ሜትር በታች ከሆነ ዜሮ ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ከሆነ 4 ነጥብ፣ ሁለት ሜትር ከሞላ 7። የእኛን በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁት። ከግድግዳ እስከ ማጠቢያው ጫፍ። ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ጣት ይቀረዋል። ባለቤቴ እንደገና ለካ። አልሞላም። አራት ነጥብ!

የኃይል ቁጠባ ደረጃም አለ። ኤ ከሆነ ነጥቡ ይጨምራል፤ ኢ፣ ኤፍ ወይም ጂ ከሆነ ይቀነሳል። እኛ ኤፍ ነን። ክረምት ላይ መስኮቱ በውስጥ በኩል ላብ ያወጣል። የቤቱ የግብር ግምትም ነጥብ ያመጣል። መሃል ከተማ ስለሆነ ግምቱ ከፍ ይላል። ሆኖም የቦታው ውድነት ብቻውን ቤቱን ወደ ነጻ ገበያ እንዳይገፋው ሕጉ ልጓም አብጅቶለታል፤ ከጠቅላላው ነጥብ ሲሶ በላይ እንዳይሆን። ሁሉንም ደመርን። 143 አይደርስም። አጠገቡም የለም። የምንከፍለው 1,250 ዩሮ ነው።

እናንተ እንደምትሉት ይህ ገበያ ነው። ሕጉ እንደሚለው ግን ትርፍ ክፍያ ነው።

ውላችን የተፈረመው በ2025 ነው። ከዚያ ዓመት ጃንዋሪ ጀምሮ አከራይ የነጥቡን ስሌት ከአዲስ ውል ጋር የመስጠት ግዴታ አለበት። አልሰጠንም። ስንጠይቅ መጀመሪያ ነጻ ገበያ ነው ተባልን። ልክ እንደ ዘገባችሁ፤ ከአንድ ትምህርት ቤት የወጣችሁ ነው የምትመስሉት። ቀጥሎ ደግሞ ቤቱ ቅርስ ስለሆነ ዋጋው ይጨምራል ተባለ። እውነት ነው፣ በአገር ደረጃ የተመዘገበ ቅርስ ከሆነ በነጥቡ ዋጋ ላይ 35 በመቶ መጨመር ይቻላል። የቅርሶቹ መዝገብ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። በመንገዱ ስምና በቁጥር ፈለግን። ቅርሱ የጎረቤት ቤት ነው! የእኛ አይደለም። የእኛ የሚያገኘው በተጠበቀ የከተማ ክልል ውስጥ ላለ፣ ከ1965 በፊት ለተሠራ ቤት የሚፈቀደውን 5 በመቶ ነው። የጎረቤትን ታሪክ በወር እየከፈልን ስንኖር ነበር ማለት ነው። ሙርሃውዘን የሚባለውን መንገድ ያየ ያውቃል፤ ቤቶቹ በድሮው የከተማ ግንብ ፍራሽ ላይ የተሠሩ ናቸው፣ ያምራሉ። ቱሪስት ፎቶ ያነሳቸዋል። ግን ውበት በአጥር ዘሎ ወደ እኛ ቤት አይገባም።

5 በመቶውን ጨምረንለትም 900 ዩሮ አይሞላም።

አሁን ጉዳዩ የኪራይ ኮሚሽኑ ዘንድ ነው። እዚህ ሁርኮሚሲ እንለዋለን። ተከራይ አቤቱታ ለማስገባት 25 ዩሮ ይከፍላል፣ ካሸነፈ ይመለስለታል። ጠበቃ አያስፈልግም። ነጥቡን ራስህ የምትቆጥርበት ገጽ አላቸው። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ደግሞ ከተማው ራሱ፣ ኸሜንተ የምንለው፣ ሕጉን የማስከበር ሥልጣን አለው፤ አከራይን መቅጣት ይችላል። ይህ ሁሉ በደች ቋንቋ በነጻ ተጽፎ ተቀምጧል። በአማርኛ ግን አልተጻፈም። በአማርኛ ሊጽፍ የሚችል አንድ የዜና ገጽ ተገኘ፣ እሱም ደላላ ጠየቀ።

ለምን እንዲህ እንደተናደድኩ ልንገራችሁ። ከእኛ ሁለት መንገድ ወዲያ አንድ ልጅ አለ። መጋዘን ውስጥ በሥራ አገናኝ ኤጀንሲ በኩል ነው የሚሠራው፣ ቋሚ ውል የለውም። ክፍሉን ለካንለት፣ አብረን ቆጠርን፣ አቤቱታውን ሞላን። መላክ ብቻ ቀርቶ ነበር። ከዚያ ዘገባችሁ ወጣ። ማታ ደወለልኝ። «እትዬ፣ ገበያው ነው የሚወስነው ይላል እኮ፣ ነገር ፈልጌ ከቤት ባስወጣስ?» አለኝ። ኮሚሽን ሄደ ተብሎ ተከራይ አይባረርም፤ ውል ማፍረስ የሚችለው ፍርድ ቤት ነው አልኩት። አከራዩ ቤቱን ቢሸጠው እንኳ ውሉ ወደ አዲሱ ገዢ ይተላለፋል አልኩት። እሱ ግን የእናንተን ስክሪንሾት ላከልኝ። የታተመ ነገር ከአንዲት ጎረቤት ወሬ ይበልጣል። አቤቱታው እስካሁን አልተላከም።

ይህን ጉዳት ገበያ አላመጣውም። እናንተ ናችሁ።

ደግሞ ስለ ደላላችሁ። በዘገባው ላይ ራሱን የሀበሻ ባለውለታ አድርጎ አቅርቧል። እሱን በግል አላውቀውም። የእሱን ቢጤዎች ግን እናውቃለን። ቤት አገኘሁላችሁ ብለው የአንድ ወር ኪራይ ይቀበላሉ፣ በጥሬ ገንዘብ፣ ያለ ደረሰኝ። ከእኛም ተወስዷል። የኔዘርላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን ገና በ2015 የአከራይን ቤት በድረ ገጹ የሚያስተዋውቅ ደላላ ከተከራይ ኮሚሽን መቀበል እንደማይችል ወስኗል። ቦርግም፣ መያዣው ማለት ነው፣ እንደዚሁ ነው። ከጁላይ 2023 ጀምሮ መያዣ ከሁለት ወር ንጹህ ኪራይ አይበልጥም። እኛ የሦስት ወር ተጠየቅን፣ እሱም «ለእናንተ ስለሆነ» ተብሎ እንደ ውለታ።

ስለ ስማችን ደግሞ ዘገባው ትንፍሽ አላለም። ሀበሻ ለምን ቶሎ ቤት አያገኝም ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱን ቋንቋ አለመቻል አደረጋችሁት። ባለቤቴ ደች ይናገራል፣ ደሞዙ ቋሚ ነው። አከራዮች ገቢህ የኪራዩን ሦስት እጥፍ ይሁን ይላሉ፤ እሱንም ያሟላል። ሙሉ ስሙን ጽፎ ሲያመለክት ግን ቤቱ ሁልጊዜ ትናንት ማታ የተያዘ ይሆናል። የአገሪቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ራሱ ባሠራው ጥናት የውጭ ስም ያለው አመልካች ቤት ለማየት የሚጠራው አነስ ብሎ ነው የተገኘው። ስለዚህም ነው የ2023ቱ ሕግ አከራይ የምርጫ መስፈርቱን ግልጽ እንዲያደርግ፣ ያልተመረጠውም ለምን እንዳልተመረጠ እንዲነገረው ያዘዘው። ይህን ብትጽፉ አንድ ሰው እንኳ «ለምን?» ብሎ በጽሑፍ ይጠይቅ ነበር።

አንድ ነገር ግን ለሚዛን ያህል ልናገር። ሕጉ ገነት አላመጣም። ዋጋው ሲገደብ ብዙ አከራዮች ቤታቸውን እየሸጡ ወጥተዋል፣ የሚከራየው ቤት ቀንሷል። በማኅበራዊ ቤቶች ወረፋ ላይ ያለው ሰው በአንዳንድ ከተሞች ከአሥር ዓመት በላይ ይጠብቃል። ይህን ብትጽፉ እጄን አነሳለሁ፣ ልክ ናችሁ እላለሁ። ቤት የለም ማለት ግን አንድ ነገር ነው። ያለው ቤት የዋጋ ገደብ የለውም ማለት ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱን ደባልቃችሁ ነው ያቀረባችሁልን።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ያንን አረፍተ ነገር አስተካክሉ። ማስተካከያውም ከዘገባው ግርጌ፣ ማንም በማያየው ቦታ አይሁን፤ አረፍተ ነገሩ ባለበት ቦታ ይሁን። የነጥቡን ነገር፣ 25 ዩሮውንና ተከራይ በአቤቱታ እንደማይባረር ጻፉ። ስክሪንሾት የሚላከው ያኛው ክፍል ነውና ይህኛውም ለስክሪንሾት እንዲመች አድርጋችሁ።

ደላላውን መልሳችሁ ካገኛችሁት ደግሞ የአንድ ወር ኪራይ ከተከራይ በየትኛው ሕግ እንደሚቀበል ጠይቁልን። ደረሰኝ ይሰጥ እንደሆነም ጭምር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ተከራይ፣ ከአመርስፎርት