«ሌላ ስም ተጠቅመሽ ታውቂያለሽ?»

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የቆየሁ አንባቢያችሁ ነኝ፤ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስለ አሜሪካ ዜግነት ስትጽፉ ብዙ ጊዜ የማነበው ስለ ፈተናው ነው። ፈተናውን ሰው ያጠናዋል። በስልኩ ያዳምጣል፣ መኪና ውስጥ ይለማመዳል፣ ልጆቹ ይጠይቁታል፣ በመጨረሻም ያልፋል። እኔ በማውቃቸው ሰዎች ላይ ጣጣ ያመጣው ፈተናው አይደለም። ስማቸው ነው።

ከራሴ ልጀምር። የአባቴ ስም ገብረ መድኅን ነው። ፓስፖርት ሳወጣ በእንግሊዝኛው «ገብረ» እና «መድኅን» ተለያይተው ተጻፉ። ልብም አላልኩት። በአማርኛም አንዳንዱ ለያይቶ፣ አንዳንዱ ገጥሞ ይጽፈዋል፤ ለእኛ ያው አንድ ስም ነው። ዲቪ ደርሶኝ ቪዛው ሲመጣ ግን «መድኅን» ላስት ኔም ሆነ፣ «ገብረ» ሚድል ኔም ሆነ፣ የአያቴ ስም ከነጭራሹ ጠፋ። ግሪን ካርዴም እንደዚያው ሆኖ መጣ። ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዴ ላይ ሚድል ኔም የለም። መንጃ ፈቃዴ ላይ ደግሞ መሃል ላይ አንዲት ፊደል ብቻ አለች። ታናሽ ወንድሜን ከእኔ በኋላ ሚስቱ አመጣችው። የእሱ ፓስፖርት ላይ የአባታችን ስም በአንድ ቃል ተገጥሞ ተጽፏል፣ ላስት ኔሙም የአያታችን ስም ነው። የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች ነን፤ በአሜሪካ ወረቀት ላይ ግን አንገናኝም።

ለዜግነት ሳመለክት ኤን 400 የሚባለውን ፎርም ራሴ ሞላሁት። ፎርሙ ከተወለድሽ ጀምሮ የተጠቀምሽባቸውን ሌሎች ስሞች ሁሉ ጻፊ ይላል። ባዶውን ተውኩት። ለመዋሸት አስቤ አልነበረም፣ ሌላ ስም ኖሮኝ አያውቅማ! አንድ ዘመዴም «ተይው፣ ነገር አታብዢ» ብሎኝ ነበር። ኢንተርቪው ላይ ኦፊሰሯ ፋይሌን ስታገላብጥ የ12ኛ ክፍል ማስረጃዬ ላይ ደረሰች። እዚያ ላይ ስሜ ከነአያቴ ነው፣ የአባቴም ስም የተገጠመ ነው። አነበበችና «ይህቺ ማን ናት?» አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። «ሌላ ስም የለኝም ብለሽ ፈርመሻል እኮ» አለች። አፌ ደረቀ። የማውቀው እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋኝ። የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ገብረ ማለት፣ መድኅን ማለት እያልኩ ስንተባተብ ጊዜው አለቀ፤ ተጨማሪ ማስረጃ አምጪ የሚል ወረቀት ይዤ ወጣሁ። ሰባት ወር ፈጀ። ሰባቱንም ወር እናቴ አገር ቤት ሆና «መቼ ነው የምትወስጂኝ?» ትለኝ ነበር። ለእናት ማመልከት የሚቻለው ዜጋ ከተሆነ በኋላ ነውና።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ፎርም መሙላት የከበዳቸውን እናቶችና አባቶች እረዳለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፣ ገንዘብም አልቀበልም። ግን ያው ነገር ሲደጋገም ስላየሁ ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያ ይህን ሁሉም ይወቀው። የስም ልዩነት ወንጀል አይደለም። ሴት ባል ስታገባ ስሟን በምትቀይርበት አገር ሁለትና ሦስት ስም ያለው ሰው ሞልቷል። ለኦፊሰሩ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሚሆነውና የሚያጠራጥረው ፋይሉ ውስጥ ያለን ስም አመልካቹ ሳይጽፈው ሲቀር ነው። አመልካች ሁሉ አሻራው ብቻ ሳይሆን ስሙም በኤፍቢአይ በኩል ይጣራል፤ የጻፍናቸው ሌሎች ስሞችም አብረው ይታያሉ። ስለዚህ ስም መጻፍ ራስን ማጋለጥ አይደለም። መደበቅ ነው የሚያጋልጠው። የተለየ ፊደል፣ የተለየ ክፍተት፣ የአያት ስም የገባበትና የቀረበት፣ የባል ስም፣ በአንድ ወረቀት ላይ ብቻ የወጣ አጻጻፍ ሁሉ ይጻፍ። ቦታው ካልበቃ ፎርሙ መጨረሻ ላይ ተጨማሪ ገጽ አለው። እኔ አንድ እናት ስድስት ዓይነት አጻጻፍ ጽፈንላቸው ኢንተርቪውን በሃያ ደቂቃ ጨርሰው ሲወጡ አይቻለሁ።

ችግሩ ከየት እንደመጣ ማወቅም ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ኦፊሰሩ ሲጠይቅ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት አለብን። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራሳችን ስም አለ፣ የአባት አለ፣ የአያት አለ፤ አባቴና እኔ፣ እኔና ልጄ ላስት ኔማችን አይገጥምም። የሚገርመው፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም አለው ይላል። ወረቀት ላይ ቀረ እንጂ ሕዝቡ አልተቀበለውም፣ እስከ ዛሬም በአባት ስም ነው የምንጠራው። ልጅቷም ስታገባ የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች። ይህን ሥርዓት እወደዋለሁ፤ ማንም እንዲተወው አልፈልግም። ግን ፈርስት፣ ሚድል፣ ላስት ተብሎ በሦስት ሳጥን የተከፈለ ፎርም ላይ ስናስገባው አንዱ ይሰበራል። በተለይ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ፣ ወለተ የሚሉት ስሞች። ለሁለት ሲከፈሉ ትርጉማቸውም ይጎድላል፣ ሰውየውም ይለወጣል።

ፊደሉም አለ። ፀሐይ የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ በ«ቲ» እና «ኤስ» የሚጀምር አለ፣ በ«ኤስ» ብቻ የሚጀምር አለ። መጨረሻው ላይ አንዱ «ዋይ» ያደርጋል፣ ሌላው «አይ»። «ቀ» ለአንዱ «ኪው» ነው፣ ለሌላው «ኬ»። እዚህ እኛ ሰፈር መሐመድ የሚባል ሰው ልጆች የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ ወረቀቶቻቸው ላይ የአባታቸው ስም በሦስት ዓይነት ተጽፏል። ዲቪውን የሞላው የኢንተርኔት ቤት ልጅ አንድ ዓይነት ይጽፋል፣ ፓስፖርቱ ሌላ ይሆናል፣ ክትባት የሰጠው ክሊኒክ ሦስተኛ ይጨምራል። ብዙዎቻችን ደግሞ ስንወለድ የተሰጠን የልደት የምስክር ወረቀት የለም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለድነው ካደግን በኋላ ከቀበሌ ያወጣነው ነው፣ ያኔ በነበረን መታወቂያ ላይ ተመሥርቶ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከማመልከቱ በፊት አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብላችሁ ያላችሁን ወረቀት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። አሮጌው ፓስፖርት፣ ቪዛው፣ ግሪን ካርድ፣ ሶሻል፣ መንጃ ፈቃድ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የግብር ወረቀት። እያንዳንዱ ላይ ያለውን ስም ፊደል በፊደል ገልብጡት። ኢሚግሬሽን ስትገቡ ምን እንደተሞላላችሁ ካላስታወሳችሁ የአሜሪካን የዜግነትና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት (ዩኤስሲአይኤስን) የፋይላችሁን ቅጂ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ መብታችሁ ነው፣ በኦንላይን ይጠየቃል። ሌላ ሰው ፎርም ለሞላላቸው ሰዎች ይህ በጣም አስፈላጊ ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ሳያውቁ ኢንተርቪው ከመግባት ይሻላል።

ግሪን ካርዱ ላይ ያለው ስህተት የእነሱ ከሆነ፣ ማለትም ፓስፖርታችሁና ቪዛችሁ ትክክል ሆኖ ካርዱ ብቻ ከተሳሳተ፣ አይ 90 በሚባለው ፎርም ያለ ክፍያ ያስተካክሉታል። የእኔ ዓይነቱ ግን እንዲህ አይታይም። ስህተቱ ከፓስፖርቱ የጀመረ ስለሆነ ካርዱ ለእነሱ ትክክል ነው። እንዲህ ሲሆን መንገዱ ስሙን በሕግ መቀየር ነው። ኤን 400 ላይ ራሱ «ስምዎን በሕግ መቀየር ይፈልጋሉ?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ብዙ ሰው ግራ ገብቶት «አይ» ይላል። እኔ በኋላ የተጠቀምኩት እሱን ነው። የአባቴን ስም አስገጥሜ፣ ላስት ኔም አድርጌ፣ ዳኛ ፊት ቃለ መሐላ ስፈጽም ጸደቀልኝ። ተጨማሪ ክፍያም አልነበረውም። ይህ የሚሆነው ግን ቃለ መሐላው ፍርድ ቤት ከሆነ ብቻ ነው። ቃለ መሐላውን ኦፊሰሮቹ ራሳቸው በሚያስፈጽሙበት ቦታ ስም መቀየር አይቻልም፣ በምትኖሩበት ስቴት ፍርድ ቤት በኩል ለብቻው ማስቀየር ነው። ፍርድ ቤቱን መጠበቅ ቀኑን ሊያርቀው ስለሚችል ኢንተርቪው ላይ ጠይቁ። ያገባች ሴት የባሏን ስም ልትይዝ ከፈለገች ግን የጋብቻ ወረቀቷ ብቻ ይበቃታል።

ስማችሁ የተቀየረበትን የፍርድ ቤት ወረቀት ከዜግነት ሰርተፍኬቱ እኩል ጠብቁት። አገር ቤት ያለው ቤት፣ የባንክ ደብተር፣ የውርስ ጉዳይ ሁሉ በድሮው ስም ነው። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ስትጠይቁም የድሮው ኢትዮጵያዊ ፓስፖርትና የአሁኑ አሜሪካዊ ስም የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያገናኝላችሁ ያ ወረቀት ነው።

ስለ ልደት ቀን አጭር ነገር ልጨምር፣ ከስም ጋር ስለሚሄድ። የእኛን ዘመን ሳይለውጡ በቀጥታ የጻፉ አሉ፣ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጁ። ስም ዜግነት ከተገኘ በኋላም በፍርድ ቤት ወይም በጋብቻ ይለወጣል፣ አዲስ ሰርተፍኬት ለማውጣት በኦንላይን 505 ዶላር ይከፈላል። የልደት ቀን ግን እንዲህ አይደለም። አመልካቹ ራሱ አረጋግጦ የማለበትን ቀን በኋላ ተሳስቼ ነበር ቢል ሰርተፍኬቱን አያርሙለትም፣ የሚያርሙት የራሳቸው የጽሕፈት ስህተት ሲሆን ነው። ስለዚህ ከመሐላው በፊት ተናገሩ። የቃለ መሐላው ቀንም ሰርተፍኬቱን ሲያሳዩዋችሁ በደስታ ብቻ አትፈርሙ። መነጽራችሁን አድርጉና አንብቡት።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ጉዳይ ላይ ልምጣ። ከላይ ያልኩት ሁሉ ስማቸው በፊደል ለተበላሸ ሰዎች ነው። ሌሎችም አሉ። በደላላ ወደ ሳዑዲ ወይም ወደ ቤሩት የሄዱ እህቶቻችን አሉ፤ በሌላ ስም፣ በሌላ ዕድሜ፣ ክርስቲያኗ በሙስሊም ስም ፓስፖርት ወጥቶላት። ያኔ ልጆች ነበሩ። ምን እንደተጻፈ እንኳ ያላነበቡ አሉ። ኸርቱም ላይ በስደተኛነት ሲመዘገቡ በፍርሃት የጎረቤታቸውን ስም የሰጡ አሉ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ልጅ ወልደው፣ ግብር ከፍለው፣ ዜግነት ሊጠይቁ ሲሉ ያ ስም ሌሊት ሌሊት ይመጣባቸዋል። ሲያማክሩ የሚሰሙት ምክር ሁሉ «ዝም በይ» ነው። እባካችሁ ይህን ምክር አትስጡ። አሻራ አይረሳም። በሐሰት የተገኘ ዜግነት ከዓመታት በኋላም በፍርድ ቤት ሊነጠቅ ይችላል። በሌላ በኩል እንደኔ ያለ ፎርም ሞይም ሊረዳቸው አይገባም። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው ሲመጣብኝ እስክሪብቶውን አስቀምጣለሁ፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ዘንድ ሂድ እላለሁ፣ ምክንያቱም የአንዱ መፍትሔ ቀላል ሊሆን ይችላል፣ ሌላው ጨርሶ ማመልከት የሌለበት ሊሆን ይችላል። ገንዘብ የለኝም ለሚሉትም በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚሠሩ የበጎ አድራጎት የሕግ ቢሮዎች አሉ። የዜግነት ማመልከቻው በኦንላይን 710 ዶላር ነው፣ ቢወድቅም አይመለስም፤ ከዚያ በፊት አንድ ሰዓት ማማከር ይሻላል።

አገር ቤት ለምታነቡም አንድ ቃል። የፋይዳ መታወቂያ ላይ ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይጻፋል። ስትመዘገቡ እንግሊዝኛውን ለጸሐፊው አትተዉት፤ ቤት ውስጥ ተስማሙ፣ ወንድምና እህት የአባታቸውን ስም አንድ ዓይነት ያስጽፉ፣ ገብረና ወልደ ያለበት ስም ገጥሞ ይጻፍ። እናቴ ባለፈው ዓመት ፓስፖርት ስታወጣ እኔ በስልክ ፊደሉን አንድ በአንድ ነገርኳት፣ በወረቀት ጽፋ ይዛ ሄደች። ማመልከቻዋ አሁን በሂደት ላይ ነው።

አዘጋጅ ሆይ፣ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ጠበቃ ጋብዛችሁ፣ አማርኛ የሚናገር ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ስለ ሳዑዲው፣ ስለ ቤሩቱና ስለ ኸርቱሙ ስም ብቻ አንድ ሙሉ ገጽ ስጡት። ጥያቄውን በራሳቸው ስም መላክ የማይችሉ ሰዎችን አውቃለሁ። እኔ ሰብስቤ እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ