ባትሪውስ ተገዛ፣ ፊልተሩስ?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

በሳይንስ ዓምዳችሁ ተራ የላቦራቶሪ ማይክሮስኮፕ ላይ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ቢበራበት ፍሎረሰንስ (ናሙናው ወይም የተቀባው ቀለም ብርሃን ተቀብሎ በሌላ ቀለም መልሶ ሲያበራ ማለት ነው) ያሳያል የሚል ጽሑፍ አንብቤ ነው የምጽፍላችሁ። ውሸት አይደለም። ግን ግማሹ ቀርቷል፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ እኔን ሦስት ሳምንት አስለፍቶኛል።

ባለ 365 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) የአልትራቫዮሌት ኤልኢዲ ከሥር አበራሁና በአይፒሱ (ዓይን በሚጠጋበት ሌንስ) ሳይሆን በካሜራ አየሁ (ይቺን ብቻ በደንብ አስቤባታለሁ)። የታየኝ ወይን ጠጅ ጭጋግ ነው። ከሥር የሚመጣው ብርሃን በቀጥታ ሌንሱ ውስጥ ይገባል፤ ናሙናው ራሱ የሚሰጠው ብርሃን ደግሞ ከዚያ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፣ በጠራራ ፀሐይ ኩራዝ እንደ መፈለግ። ለፍሎረሰንስ ተብለው የተሠሩት ማይክሮስኮፖች ብርሃኑን ከላይ በራሱ በሌንሱ በኩል የሚልኩት ወደው አይደለም።

ስለዚህ ዋናው ነገር መብራቱ ሳይሆን ፊልተሩ ነው። ሁለት ያስፈልጋል። አንዱ መብራቱ ፊት ሆኖ ኤልኢዲው አብሮ የሚረጨውን የሚታይ ብርሃን ይቆርጣል፤ ሌላው ከናሙናው በላይ ሆኖ ከ420 ናኖሜትር ወዲህ ያለውን አጭር ሞገድ ያግዳል። ይሄኛው ለምስል ብቻ አይደለም፣ ለዓይንም ነው። አልትራቫዮሌት ደብዛዛ ስለሚመስል ሰው ዓይኑን አይጨፍንም፣ ብሌኑም አይጠብም፣ ጉዳቱ ግን አለ። ጽሑፋችሁ ይህን በአንድ መስመር እንኳ አላነሳም።

ቀጥሎ የመስታወት ጣጣ አለ። 365 በተራ መስታወት ያልፋል። ወደ 300 ዝቅ ሲባል ግን ስላይዱም ኮንደንሰሩም (ከሥር ያለው ብርሃን ሰብሳቢ) ሌንሱም ይውጡታል፣ ምንም ያህል ጠንካራ መብራት ብትገዙ ለውጥ የለውም። ፕሮቲንን ያለ ቀለም በራሱ ለማብራት 280 አካባቢ ያስፈልጋል፤ ያ የኳርትዝ ሥራ ነው። ጀርመናዊው ኦገስት ኮለር በ1904 እ.ኤ.አ. የማይክሮስኮፕ አምራቹ ዛይስ ውስጥ በ275 ናኖሜትር የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ሲያቀርብ የኳርትዝ ሌንስ የተጠቀመው ለዚህ ነው። እሱ የፈለገው ረቂቅ ዝርዝር ማየት ነበር፤ ናሙናዎቹ ራሳቸው ሲያበሩ ያስተዋለው በዚያው መሃል ነው።

ፊልተሩን ካገኘሁ በኋላ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። አንድ ቀን ደማቅ ሰማያዊ ክር መሰል ነገር አየሁና ሰው ጠርቼ አሳየሁ። የጋውኔ ብናኝ ነበር! የልብስ ሳሙና ውስጥ ያለው ማንጫ በአልትራቫዮሌት እንደ ጉድ ያበራል። አንዳንድ ኢመርሽን ኦይልም (በሌንሱና በስላይዱ መሃል የሚደረገው ዘይት)፣ ወረቀትም፣ የአንዳንድ አሮጌ ሌንሶች ማጣበቂያም እንዲሁ። አሁን ቀለም ያልነካው ስላይድ በተመሳሳይ አያያዝ ሳላይ ምንም አላምንም።

ስለ ካሜራ ብዙ አልልም። አውቶማቲኩን አጥፉት፣ አለበለዚያ ጥቁሩን ጀርባ ግራጫ አድርጎ ያርፋል። ብርሃኑ ትንሽ ስለሆነ አንዱ ፎቶ ሰከንዶች ሊፈጅ ይችላል፣ እናንተ ፎከስ ስትፈልጉ ደግሞ ቀለሙ እየደበዘዘ ይሄዳል። ፎከሱን በተራ መብራት ጨርሱና ከዚያ ቀይሩ።

ደግሞስ አልትራቫዮሌት የግድ ነው ወይ? ዲኤንኤ ላይ ለሚጣበቀው ቀለም ለዳፒ አዎ፣ እሱ 358 አካባቢ ነው የሚቀበለው። ኦራሚንና አክሪዲን ኦሬንጅ የሚባሉት ቀለሞች ግን በሰማያዊ ብርሃን ይሠራሉ፣ ሰማያዊ ደግሞ በተራ መስታወት ያለ ችግር ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ለቲቢ ምርመራ የኤልኢዲ ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕን ሲደግፍ አክታው የሚቀባው በዚሁ በኦራሚን ዓይነት ቀለም ነው። ለጀማሪ ከዚህ እንዲነሳ ብትመክሩት ይሻል ነበር።

ሌላው ቢቀር የዓይኑን ጉዳይ በእርማት መልክ አውጡልን። ጽሑፉን አንብቦ ባትሪ ያዘዘ ሰው እኮ አይጠፋም።

አንባቢያችሁ